እጁ ሳይታይ የተሳበው መረብ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ቨርሊና አውጉስቲን
ዕድሜ፦ 56 ዓመት
ሥራ፦ የእንግዳ ማረፊያና የምግብ ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ቲ-ሮሽ ደሴት፣ አንስ ማርጎ መንደር፣ ከጀልባ ማሰሪያው አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ማርች 19 ቀን 2019፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዋናው ወደብ ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ የኤልዊን አውጉስቲን ሞት እና በሌኖክስ ፓስካል ላይ የደረሰ ከባድ የአካል ጉዳት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኦስበርት ላፎንድ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ያባበሉኝም ያስፈራሩኝም ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የፈለጉት ዝም እንድል ነው። ሟች ኤልዊን አውጉስቲን ዕድሜው ሃያ ሁለት ሲሆን የመጨረሻ ልጄ ነው። ሌኖክስ ፓስካልን የደበደበው አልባን አውጉስቲን ዕድሜው ሠላሳ አንድ ሲሆን የመጀመሪያ ልጄ ነው። ከሁለቱ ሌላ ልጅ የለኝም።

ሌኖክስ ፓስካል እንግዶችን በሞተር ጀልባ ባሕሩ ውስጥ ወዳለው የኮራል ድንጋይ እየወሰደ የሚያስጎበኝ የመንደራችን ሰው ነው። አክስቴ ቢለኝም ዘመዴ አይደለም፣ ወዳጄም አይደለም። ምላሱ የማያርፍ፣ እንግዶቼ ፊት ቆሞ የምሠራውን ሾርባ የሚያማ፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ የሚያሾፍ ሰው ነው። አልወደውም። ይህ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት አድልታ መሰከረች እንዳይባል ነው። ሌኖክስ ዛሬ በሆስፒታል አልጋ ላይ መንጋጋው ተሰፍቶ፣ ደህና የቀረችው አንድ እጁ በካቴና ታስራ ተኝቷል። የታሰረውም ልጄን ኤልዊንን በጀልባው ሞተር በሚሽከረከረው ምላጭ መትቶ ገድሏል ተብሎ ነው። አልገደለውም። ወደዚህ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

ሚስተር ዋላስና ሚስቱ ዶና ከካናዳ የመጡ እንግዶች ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ማርች 9 ቀን በመርከብ ደርሰው እኔ ቤት አደሩ። እሱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እሷ ዋና የተማረችው ካረጀች በኋላ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ለዚህም ይመስለኛል ውኃ አልጠግብ ያለችው። ሌኖክስ በየቀኑ ወደ ኮራሉ ይወስዳቸዋል፣ እሷ ፊቷን ውኃ ውስጥ ደፍታ ስትንሳፈፍ ትውላለች፣ ማታ ጀርባዋ እሳት መስሎ ትመለሳለች፣ እኔም እሬት እየቀባሁ እቆጣታለሁ። አንድ ቀን "አሸዋችሁ እኮ ዱቄት ነው፣ ቨርሊና" ስትለኝ፣ "ዱቄት ቢሆንማ ጋግረን በበላነው ነበር" አልኳት። ደግ ሴት ናት። በደረሰብኝ ነገር በእሷ ላይ ቂም የለኝም።

ሐሙስ ማርች 14 ቀን እኩለ ቀን ላይ መርከብ ይዘው ሊሄዱ ነበር። ዶና ግን ኮራሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሳላየው አልሄድም አለች። እኔም ዛሬ ባይሄዱ ይሻላል፣ ካትበርት ሰሞኑን ከኮረብታው ላይ አልወረዱም፣ ዓሣ ከመጣ የባሕር ወሽመጡ ይዘጋል አልኩ። ካትበርት ማለት የመንደሩ ትልቅ መረብ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የዓሣ መንጋ ሲገባ ከኮረብታው ላይ አይተው ሸሚዛቸውን አውልቀው የሚያውለበልቡት እሳቸው ናቸው። ሌኖክስ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። "አክስቴ ቨርሊና፣ አጎቴ ካትበርት እኮ የደመና ጥላ ሲያዩም ዓሣ ነው ይላሉ። ዓሣው ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል እንዴ?" አለኝ። ይዟቸው ሄደ። ሲሄድ፣ መረብ ውኃ ውስጥ ሲሆን በዳር ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው ነጩ ጨርቅ አልተሰቀለም ነበር። ይህን አይቻለሁ። ጨርቁ ካልተሰቀለ ደግሞ ማንም በሞተር መውጣት ይችላል።

እነሱ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ የካትበርት ሸሚዝ ከኮረብታው ላይ ታየ። ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ምጣዱን ከእሳት ላይ አውርጄ ሮጥኩ። በእኛ መንደር ገመድ የነካ እጅ ሁሉ ከዓሣው ድርሻ አለው፤ ሽማግሌም ይሁን ነፍሰ ጡር ወይም መንገደኛ፣ የሳበ ይበላል። መረቡን የያዘችው ጀልባ ዓሣውን በግማሽ ክብ ዞራ ስትመለስ የገመዱን ሁለት ጫፍ ለሁለት ወገን ሰጠችን። በእኔ በኩል የገመዱ አለቃ አልባን ነበር። አለቃ ያለው ይሆናል፤ ሳቡ ሲል ይሳባል፣ ያዙ ሲል ይያዛል። ነጩ ጨርቅ የተሰቀለው በዚህ ጊዜ ነው።

በወሽመጡ መካከል ጥርሱ ብለን የምንጠራው የኮራል ድንጋይ አለ። መረቡ ሁልጊዜ እዚያ ይያዛል። ሲያዝ ጠላቂ ገብቶ ያላቅቀዋል። ጠላቂያችን ኤልዊን ነበር፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ይህን ሥራ ሠርቷል፣ እንደ እሱ ትንፋሽ የሚይዝ በደሴቱ አልነበረም። ደንቡ ይህ ነው፦ ጠላቂው ከውኃ በታች ሳለ ገመድ ይያዛል እንጂ አይሳብም። መረቡን አላቅቆ ሲጨርስ ብቅ ብሎ ቀኝ እጁን ያነሳል። እጁ ካልታየ ሰማይ ቢወድቅ ገመድ አይነቃነቅም። ይህን ደንብ በአንስ ማርጎ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

መረቡ እንደተለመደው ጥርሱ ላይ ተያዘ። አልባን "ያዙ!" አለ። ያዝን። ኤልዊን ቢላውን ይዞ፣ ወደኔ ዞሮ ምላሱን አውጥቶ አሾፈብኝና ጠለቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስፈራ ስላየኝ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

የሌኖክስ ጀልባ በኮራሉ መካከል ባለው መተላለፊያ በኩል ስትመጣ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ጨርቁን እንዳየ ሞተሩን አጠፋ። ቆሞ ሊጠብቅ ነበር። ነገር ግን ሚስተር ዋላስ ቆሞ መጮህ ጀመረ። ኋላ እንደተረዳሁት ዶና የሚያቃጥለውን ኮራል በክንዷ ነክታ እስከ አንገቷ አብጣ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሌኖክስ ሞተሩን ከውኃው አውጥቶ ወደ ላይ አጥፎ በገመድ ሲያስረው አይቻለሁ። ምላጩ ውኃ እያንጠባጠበ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ። ከዚያ መቅዘፊያ አንስቶ መቅዘፍ ጀመረ። ሳጅኑ ይህን እርግጠኛ ነዎት ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ እርግጠኛ ነኝ ብያለሁ። ሞተሩ ዳር እስኪደርስ ድረስ ወደ ውኃ አልተመለሰም።

ሌኖክስ ከሩቅ "አልባን! ሴትዮዋ ልትሞትብኝ ነው፣ በጥርሱ በኩል ላሳልፋት!" ብሎ ጮኸ።

አልባን "ቁም! መረብ ውኃ ውስጥ ነው፣ አታይም?" አለ።

"ዓሣህ ይጠብቅሃል፣ እሷ አትጠብቅም!"

"የመረቡን ቡሽ ከነካህ አንገትህን ነው የምቆርጠው ሌኖክስ!"

ሌኖክስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀዘፈ። ሰው ሊሞትበት ነበርና አልፈርድበትም። የጀልባዋ አፍንጫ መረቡን የሚያንሳፍፉት ቡሾች ላይ ሲወጣ ቡሾቹ ሰመጡ፣ ዓሣውም በዚያ በኩል እየዘለለ መውጣት ጀመረ። መንደሩ ሙሉ በአንድ አፍ ጮኸ። ያ መንጋ የብዙ ሳምንት ጉሮሮ ነበር፣ ዓይናችን እያየ ወደ ባሕር ሊመለስ ነው። አልባን ፊቱ ጠቆረ። ደሙ ሲፈላ ከአባቱ አይለይም። "ሳቡ!" አለ። "ሳቡ! ሳቡ!"

የኤልዊን እጅ አልታየም ነበር።

እኔ "እጁ! እጁን አላየንም!" ብዬ ጮኽኩ። በጎኔ የነበሩት ሰምተውኛል፣ ዛሬ አልሰማንም ቢሉም። ግን አለቃው ሳቡ ብሏል፣ ገመዱም ከፊትና ከኋላ ባሉት ተጎትቷል። አፌ ቁሙ እያለ እጄ ሳበ። ይህን መካድ አልችልም። ገመዱ መጀመሪያ እንቢ አለ። እኛም እንቢ ሲል ይበልጥ ሳብን፣ ዓሣ በዝቶ የከበደ መስሎን። ከኋላዬ አንዱ "ተባረክን፣ ከብዷል!" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ከታች የሆነ ነገር ሲለቅቅ በመዳፌ ተሰማኝ፣ መረቡም መጣ።

መረቡ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ሲደርስ ዓሣው ነጭ ሆኖ ፈላ። በመሃሉ ልጄ ነበር። በሆዱ ተኝቶ፣ ዓሣው በላዩ እየዘለለ፣ በዙሪያው ውኃው ቀልቶ መጣ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ሰው "ምላጩ ቆረጠው! ሌኖክስ በምላጩ ቆረጠው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያን ያላለ ሰው አልነበረም።

የሌኖክስ ጀልባ በዚህ ጊዜ አሸዋ ነክታ ነበር። ሌኖክስ የሆነውን አላወቀም። ዶናን ሊያወርዳት ጎንበስ ብሎ ሳለ አልባን መቅዘፊያ ይዞ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባና ከጆሮው በላይ መታው። ሌኖክስ ዞሮ "ምን ሆነሃል ወንድሜ?" አለ። ሁለተኛው ምት ለመከላከል ባነሳው ክንዱ ላይ አረፈ፣ አጥንቱ ሲሰበር ከዳር ተሰማ። ሦስተኛው አፉን አገኘው። ዶና ከጀልባዋ ውኃ ውስጥ ወደቀች። ሚስተር ዋላስ የመጥለቂያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ እጁን ዘርግቶ መካከል ገባ፣ አንድ ጎረምሳ በቴስታ አፍንጫውን ሰበረው። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው በደም ተሸፍኖ ሚስቱን በብብቷ ይዞ እየጎተተ ብቻውን ከውኃ አወጣት። አንድም ሰው አላገዘው። የዳነችውም የመንደሩ ነርስ መርፌ ይዛ ስለደረሰች ነው።

ሌኖክስን በእግሩ ጎትተው አሸዋው ላይ አወጡት። ሰው ገመዱን ጥሎ መጣ። ዓሣውን ያየው የለም፣ ደረቅ ላይ እየተንደፋደፈ አለቀ። በሰርግ አብሬያቸው የጨፈርኩ፣ ሲወልዱ ያረስኳቸው ሰዎች በጫማም በባዶ እግርም ረገጡት። ካትበርት ከኮረብታው ሮጠው ወርደው፣ ሸሚዛቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ጎድኑን ረገጡት። ሌኖክስ መጀመሪያ ላይ እናቱን ይጠራ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። የጥርሶቹ ስብርባሪ አሸዋው ላይ ከዛጎሉ ጋር ተቀላቅሎ ይታይ ነበር።

እኔ በዚህ ጊዜ ከኤልዊን ጋር ነበርኩ። የመረቡ የታችኛው ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቢላው በእጁ ነበር፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ወሰድኩት። ገመዱን እስከ ግማሹ ድረስ ቆርጦት ነበር። ትንሽ ጊዜ ብንሰጠው ይጨርሰው ነበር። የቀረውን እኔ ቆረጥኩ። አገላብጬ ሆዱን ተጫንኩት፣ ውኃ ወጣ፣ ሌላ ነገር አልወጣም። ከዚያ ገላውን ፈለግሁ። የወለድኩት ገላ ነው፣ ከራሱ እስከ እግሩ በእጄ ዳሰስኩት። ጎኑና ግንባሩ በኮራሉ ተፍቆ ተልጧል፤ ደሙ የመጣው ከዚያ ነው። የምላጭ ቁስል የለውም። የሞተር ምላጭ ሰው ሲቆርጥ ምን እንደሚያደርግ በሌላ ጊዜ አይቻለሁ፣ ይህ ያ አይደለም። ልጄን የገደለው ገመዱ ነው፣ ገመዱንም የሳብነው እኛ ነን።

ቀና ስል አልባን ገጀራ ስጡኝ እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ሲሰጡትም አየሁ። ሬሳውን አሸዋ ላይ ትቼ ሮጬ ሌኖክስ ላይ ወደቅሁበት። አልባን መቅዘፊያውን ገና አልጣለም ነበርና እኔ መሆኔን ሳያይ ያወረደው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ አጥንቴም የተሰበረው በዚያ ነው። ይህን ሆን ብሎ እንዳላደረገው አረጋግጣለሁ።

"እማ፣ ተነሺ!" አለኝ።

"አልነሳም።"

"እማ፣ ኤልዊንን ገድሎብሻል እኮ! ተነሺልኝ!"

"እኔን ሳትቆርጥ እሱን አታገኘውም" አልኩት።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን አየሁት። ኤልዊን አባቱ ባሕር ላይ ሲቀር የአራት ዓመት ልጅ ነበር፣ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው አልባን ነው። አንጀቴ እንቢ አለኝ፣ አፌን ዘጋሁ። አልባንም ገጀራውን ጥሎ ሄዶ የሌኖክስ ጀልባ ላይ ቤንዚን ደፍቶ አቃጠላት።

ፖሊስ የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባዋ አመድ ከሆነች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሳጅኑ ይህን ዓረፍተ ነገር እንተወው ቢሉኝም ቃሌ ነውና ይጻፍ ብያለሁ።

አርብ ጠዋት ካትበርትና ሌሎች የመንደሩ ሰዎች አልባን በሌለበት ወደ መረብ ማስቀመጫው ቤት ጠርተውኝ ሄድኩ። ሁሉም ምላጩ ነው ብለው ለፖሊስ ቃል ሰጥተው ነበር። ካትበርት እንዲህ አሉኝ፦ "ቨርሊና እህቴ፣ የሞተ ተጎዳ። የቀረውን ደግሞ በገዛ እጅሽ አትቅበሪው። ምላጩ ነው ካልን ወንድሙ የሞተበት ሰው በንዴት መታ ይባላል፣ ዳኛም ያዝናል።"

"ሌኖክስስ?" አልኩ።

"ሌኖክስ ቡሽ ተሻግሯል። የእጁን ነው ያገኘው።"

"ቡሽ ለተሻገረ ሰው ቅጣቱ ነፍስ ገዳይ መባል ነው?"

ከኋላ አንዱ "ምን ይሆናል፣ እስር ቤት እንደሆን ቀለብ በነፃ ነው፤ ያንቺን ሾርባ ከማማት ይገላገላል" አለ። ሳቁ። ልጄ ገና አልተቀበረም፣ እነሱ ሳቁ።

ካትበርት ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው በለሆሳስ "ሳቡ ያለው እሱ መሆኑን አልባን ቢረዳው፣ አንድ ቀን የሚያድር ይመስልሻል?" አሉኝ። አልባን የዚያን ሰዓት ንዴቱን እንጂ ያለውን ቃል አያስታውስም፣ ወይም ማስታወስ አይፈልግም። ሰዎቹ የዋሹት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለእሱም ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሌኖክስ በካቴና መታሰሩን እያወቅሁ እስከ እሑድ ዝም አልኩ።

እሑድ ኤልዊንን ቀብረን ሰው ቤቴ ተሰብስቦ ሳለ የሌኖክስ እናት ወ/ሮ ዩዶራ መጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ በዱላ እየዳበሱ ይሄዳሉ። በሌላው እጃቸው የዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር የቀቀሉበት ድስት ይዘዋል። በእኛ ዘንድ ለለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም፤ የገዳይ እናት የተባለችም ብትሆን። በሩ ላይ ሳይደርሱ ድስቱን ከእጃቸው መቱት። ከዚያ አንድ ድንጋይ ተወርውሮ ግንባራቸውን ፈነከተው። ድንጋዩን የወረወረው አልባን ነው። ወርውሮም "ልጅሽ ከሆስፒታል ሲወጣ እጨርሰዋለሁ፣ ቀብሩን አዘጋጂ!" አላቸው። ሃምሳ ሰው ሰምቶታል፣ የተቆጣው የለም፤ አንዳንዱም ጎበዝ አለው።

ወ/ሮ ዩዶራ አልሸሹም። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ፊታቸውን ድምፄ ወዳለበት አዙረው "ቨርሊና፣ ልጄ ልጅሽን ገድሎት ከሆነ እግርሽ ላይ ልወድቅ መጥቻለሁ። ካልገደለው ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ገላውን ያጠብሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። በቀሚሴ ጫፍ ደማቸውን ጠረግሁላቸው። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ኤልዊንን ባሕሩ ወስዶታል። አልባንን ደግሞ ይህ ውሸት እየወሰደብኝ ነው። አሮጊት የማይመታ ልጅ ነበር ያሳደግሁት። ሌኖክስ ገዳይ ነው ብሎ እስካመነ ድረስ እሱን ሳይገድል አይተኛም፣ ከገደለም በኋላ የገደለው ንጹሕ ሰው ይሆናል። እውነቱ ሊያጠፋው ይችላል። ውሸቱ ግን በርግጥ ያጠፋዋል።

ሳጅኑ መረቡ እንዲሳብ ያዘዘው ማን ነው ብለው ጠይቀውኛል። ልጄ አልባን አውጉስቲን ነው። በገመዱ ላይ እነማን ነበሩ ብለውም ጠይቀውኛል። መንደሩ በሙሉ ነበር። ስም ይጻፍ ከተባለ እያንዳንዱን እጠራለሁ፣ የእኔ ስም ግን መጀመሪያ ይሁን። እኔ ከሁሉም በላይ አውቅ ነበርና። ሌኖክስ ፓስካልን የደበደቡትንም እጠራለሁ፣ ልጄንም ጨምሬ። የቆረጥኩትን ገመድ ከኤልዊን እግር ላይ እንደወጣ ለጣቢያው አስረክቤያለሁ። ቃሌን ማመን ላልፈለገ ሰው የሬሳው ምርመራ ይታይለት።

በመጨረሻም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዛሬ ወደዚህ በጀልባ ያመጣኝ አልባን ነው። የተሰበረው ትከሻዬ እንዳይነቃነቅ ማዕበሉን እየመረጠ፣ በዝግታ ነዳልኝ። መንገድ ላይ "አትርሺ እማ፣ ምላጩ ውኃ ውስጥ ነበር ነው የምትይው" አለኝ። እኔም ያየሁትን እናገራለሁ አልኩት፣ በዚያ ረክቶ ግንባሬን ሳመኝ። አሁን ይህን ስናገር በመስኮቱ ይታየኛል፤ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቦርሳዬን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። እንደምታስሩት አውቃለሁ፣ እሰሩት። ነገር ግን ይህን ከፖሊስ አፍ ወይም ከዳኛ ወረቀት እንዳይሰማ። እኔ አጠገቡ ሳልሆን ወረቀት ላይ "ወንድምህን የገደለው ያንተ ቃል ነው" የሚል እንዳያነብ። መጀመሪያ እኔ ልውጣ። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ይዤ እኔ ልንገረው። ባሕሩ ከደረጃው ቅርብ ነው፤ ዋናም ያውቃል፣ ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ስነግረው ሁለት ጠንካራ ፖሊሶች በባሕሩ በኩል እንዲቆሙልኝ እለምናለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከእውነት የጎደለ የለበትም፣ ከፍርሃትም ከጥላቻም የጨመርኩት የለም። በፍርድ ቤት ቀርቤ፣ መንደሩም ልጄም እየሰሙ፣ እደግመዋለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ስለተሰበረ በግራ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቨርሊና አውጉስቲን (በግራ እጅ)

ቃሉን ተቀብዬ በትክክል የጻፍኩ፦ ሳጅን ኦስበርት ላፎንድ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ምስክሯ የጠየቁት ተፈቅዷል። ሦስት ፖሊሶች በባሕሩ በኩል ቆመዋል።